ሰባት መቶ ጁል

ደክሞኛል ብዬ ለሰው መናገር የጀመርሁት በቅርቡ ነው። ደባርቅ ላይ ደክሞኛል የሚል መምህር ደግሞ ብዙ ሰሚ አያገኝም። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ የማገኘው ሁሉ ከእኔ የባሰ የደከመ ነው፤ ገብስ በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ሽቅብ ሲያምጥ የቆየው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ወደ ቡይት ራስ የሚወስደው እንግዳ ይመጣል አይመጣም እያለ ብርድ ላይ የቆመው አስጎብኚ። እኔ የምቆመው ሰሌዳ ፊት ነው፤ የምሸከመውም ጠመኔ ነው። በሳይንሱ ሕግ ከሄድን አንድን ነገር ገፍተው ካላንቀሳቀሱት ሥራ ተሠራ አይባልም። ሰባ ተማሪ ካንድ ክፍል አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ መግፋት ከየትኛው እንደሚመደብ እስካሁን አልገባኝም።

ከኬሚስትሪ ምዕራፎች ሁሉ ተራው በደረሰ ቁጥር ልቤን የሚያከብደው አንድ ነው፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሥራና ስለ ጋዞች የሚያወራው። ድሮ የምወደው እሱን ነበር። አሁን ግን ገና ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ወንበር ያምረኛል። ምክንያቱን ለባልደረቦቼ ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ትምህርቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ጋዞች ተገናኝተው ሌላ ጋዝ ሲሆኑ ወይ ሙቀት ያወጣሉ ወይ ሙቀት ይቀበላሉ። ከዚያ ሌላ የሚይዙት ቦታ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከሰፋ በዙሪያው ያለውን አየር ገፍቶ ነው የሰፋው፤ መግፋት ሥራ ነው፤ ለሥራው የሚያወጣው ደግሞ ከገዛ ጉልበቱ ነው። ከጠበበ የገፋው ውጭ ያለው አየር ነውና ጉልበት ይጨመርለታል። ለምሳሌ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ተገናኝተው ሁለት አሞኒያ ይሆናሉ። አባቶቻችሁ በየክረምቱ የሚሰለፉለት ማዳበሪያ መነሻው ይኸ ነው ስላቸው ኋላ ወንበር ላይ የተኙት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። አራት የነበረው ሁለት ሲሆን ቦታው ይጎድላል፤ ውጭ ያለው አየርም ጉድለቱን አይቶ ዝም አይልም፤ ይገፋል፣ ያጠበዋል። የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ረዳት ሁለት ሰው ሲወርድለት የቀረውን ተሳፋሪ እንዴት አድርጎ እንደሚያጠጋጋ ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ጣጣው ያለው ምልክቱ ላይ ነው። ጋዙ የሠራውን ሥራ ፕላስ ብለን እንጻፈው ወይስ ማይነስ? እኔ የተማርሁበት የድሮው መጽሐፍ ጋዙ ለሠራው ፕላስ ይሰጥና ከተቀበለው ሙቀት ላይ ቀንሱት ይላል። አዲሱ መጽሐፍ ጋዙ ለሠራው ገና ከመነሻው ማይነስ ይሰጥና ከሙቀቱ ጋር ደምሩት ይላል። መድረሻቸው አንድ ነው። አምስት መቶ ጁል ሙቀት ተቀብሎ ሁለት መቶ ጁል ሥራ የሠራ ጋዝ በሁለቱም መንገድ የሚተርፈው ሦስት መቶ ነው። ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው የሄደ ተማሪ ግን ለሥራው ፕላስ ሰጥቶ መልሶ ይደምረውና ሰባት መቶ ላይ ይወጣል። ሠርቶ የወፈረ ጋዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ቢኖር ኖሮ እኔ ስለ ድካም ባልጻፍሁ።

ጋሼ የምላቸው ሰው ዳባት ላይ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደባርቅ ስመደብ እሳቸው ቀድመውኝ ተዛውረው ነበር፤ ባንድ የመምህራን ክፍል ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባልደረባቸው መሆኔን ግን ልቤ አንድም ቀን ተቀብሎት አያውቅም። ሲገቡ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸውም ተይ እንጅ ልጄ እያሉ በየቀኑ ያስቀምጡኛል። ሰሌዳ ላይ መስመሩ ሳይጣመም መጻፍን የተማርሁት ከሳቸው ነው። ተማሪ ሲሳሳት ሳይስቁ መጠበቅን የተማርሁትም ከሳቸው ነው፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ አይሳካልኝም እንጅ።

ጡረታቸው ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ መደበኛውን ክፍል አቃሎላቸው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የሚሰጠውን የቅዳሜ ማጠናከሪያ ብቻ ተወላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው የሚመስሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ሰማያዊ ጋዋናቸውን አስተኩሰው፣ ጠርዙ የተበላ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በገበያተኛው መሐል እየተሹለከለኩ ይመጣሉ። ከወጣቶቹ መምህራን ሽማግሌው ይበቃቸዋል፣ ቅዳሜውንም ለእኛ ይልቀቁልን የሚሉ ነበሩ። ስማቸው በክፉ እንዲነሣ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር።

የልጅ ልጃቸው እኔ ክፍል ትማር ነበር። እናቷ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ጋሼ ናቸው። ትምህርቱ ሲቋረጥና ሲቀጠል በመክረሙ አሥራ ሁለተኛ ስትደርስ ሃያ ዓመት ሞልቷት ነበር። እናቷ በስልክ ቁርጡን ነግራታለች፤ ፈተናውን ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች ወደ እሷ ትምጣ፤ አሠሪ ተገኝቷል። ጋሼ ይህን የነገሩኝ የመምህራን ክፍሉ መስኮት አጠገብ ቆመን ነው።

«አንዷን ልጄን ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ አልሰጥም» አሉኝ።

ልጅቱ ደግሞ የምትወድቅ ዓይነት አልነበረችም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ብዙ አትናገርም፤ ስትጠይቅ ግን የምትጠይቀው እኔ ራሴ ዘልዬው የሄድሁትን ነገር ነው። አያቷ ማታ ማታ ደብተሯን እየተቀበሉ መልመጃዋን አንድ በአንድ እንደሚያዩት ነግራኛለች። እንዳለፈች ቆጥሬ ነበር።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ማጠናከሪያ ቀን የረሳሁትን የውጤት መዝገብ ልወስድ ብዬ ወደ ትምህርት ቤት ጎራ አልሁ። በክፍሉ መስኮት በኩል ሳልፍ የጋሼን ድምፅ ሰምቼ ቆም አልሁ፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን አየሁት። ለጋዙ ሥራ ፕላስ ሰጥተው ከሙቀቱ ላይ እየቀነሱ ነው። አሁን ቀጥለው አዲሱን ያሳያሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሳዩም። ደብተራቸውን ገልጠው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ደብተሩ ከአዲሱ መጽሐፍ በፊት የተጻፈ ነው፤ እሳቸውም አዲሱን መጽሐፍ ገልጠው የማየት ሐሳብ አልመጣላቸውም። ሥርዓተ ትምህርት ይለወጣል፤ ጋዝ ግን ያው ጋዝ ነው፤ በዚህ ማን ይፈርድባቸዋል?

ሂጂና ንገሪያቸው ነው የሚባለው። ባንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ጋሼ፣ መጽሐፉ ምልክቱን ቀይሮታል፣ ፈተናውም በመጽሐፉ ነው የሚወጣው፣ አለቀ። ሰኞ ዕለት ይህን ልነግራቸው አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እሳቸው የጉልበታቸውን ሕመም ያወሩኝ ጀመር። ሌሎች መምህራን ገቡ። በሰው ፊት አይሆንም ብዬ ተውሁት። በሌላ ቀን ሎሚና ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድሁ፤ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ቅዳሜ ልጆቹ እንዴት እንደሰሟቸው፣ አንዱም እንዳላዛጋ፣ ይህ ቅዳሜ ባይኖር ምን ይውጣቸው እንደነበር ነገሩኝ። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሎሚውን በሙቅ ውኃ ይጠጡት ብዬ ወጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ በራሴ ተናደድሁ፤ ተመልሼ ግን አልገባሁም።

ሦስተኛው ሙከራዬ ብልጠት መስሎኝ ነበር። አዲሱን መጽሐፍ ጋዜጣ አልብሼ፣ ያ ገጽ ላይ ወረቀት ከትቼ በስጦታ ሰጠኋቸው። ከፍተው ያዩታል፣ ራሳቸው ያገኙታል፣ ማንም አያፍርም አልሁ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ መጽሐፉ ከነጋዜጣው ሣጥኑ ላይ፣ ከዳዊታቸው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ይኸን የሰጠችኝ ተማሪዬ ናት እያሉ ያሳዩት ነበር። የከበረ ነገር እንዲህ በየሜዳው አይገለጥም። እኔም የእጄን አገኘሁ።

እንግዲህ ያደረግሁት ነገር ይኸ ነው። ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ፣ ሁለት አሠራር አለ፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ቅዳሜ በቅዳሜው ሥሩ፣ ከእኔ ጋር በመጽሐፉ ሥሩ አልኋቸው። ውሸት አልተናገርሁም፤ ሁለቱም ልክ ነው። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ፈተናው ላይስ አለኝ። በመጽሐፉ አልሁት፤ ይህን ስናገር ግን ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ጋሼ በግድግዳው በኩል የሚሰሙኝ ይመስል። ሰባ ተማሪ ካለበት ክፍል ድምፁን ዝቅ ያደረገ መምህር ለስንቱ እንደተሰማ እግዜር ይወቀው። ኋላ ወንበር ያሉት ሁለቱም ልክ ነው የሚለውን ብቻ ይዘው ወጡ። ለጋሼ የልጅ ልጅ ደግሞ ቤቷም ውስጥ ቅዳሜ ነበር።

ያን ሰሞን ነገሩን ከምልክት አውጥቼ በእጃቸው ላስነካቸው ብዬ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ጎሚስታ ወሰድኋቸው። ጎሚስታው ጎማ የሚነፋበትን መጭመቂያ አስነሣልን። አየሩ ተገፍቶ ወደ በርሜሉ ሲገባ ቧንቧው እጅ እስከማያስነካ ጋለ። ጋዙን ገፉት፣ ሥራ ተሠራበት፣ ጉልበት ጨመረ አልኋቸው። ከዚያ ከተነፋ ቆይቶ የቀዘቀዘ የከባድ መኪና ጎማ መንፈሻውን ከፈተልን። በየተራ እጃቸውን አቀረቡ። የሚወጣው አየር ይቀዘቅዛል። ሁሉም ሳቁ፤ የደባርቅ ብርድ አንሶን ደግሞ ከጎማ ውስጥ ብርድ እናውጣ ወይ አሉ። የሦስተኛው ረድፏ ልጅ ግን አልሳቀችም። እጇን ከሁሉም በላይ አቆይታ፣ ቲቸር፣ ይኸ አየር የበረደው ሲወጣ የውጩን ስለገፋ ነው አይደል፣ ከራሱ ጉልበት አውጥቶ ነው አለችኝ። ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ምልክት እንኳ ቢምታታት ነገሩ ገብቷታል፣ የገባው ሰው አይወድቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠኋቸው። አምስት መቶ ጁል ሙቀት የተቀበለውንና ሁለት መቶ ጁል ሥራ የሠራውን ጋዝ አንዱ ጥያቄ አደረግሁት። የልጅቱ ወረቀት ላይ ስደርስ ሰባት መቶ ይላል፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ። አሠራሯን አየሁት፤ ምልክቱ የአያቷ ነው፣ ቀመሩ የመጽሐፉ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ክሮስ ባደርገው ወረቀቱን ማታ ጋሼ ያዩታል። ምኑ ላይ ተሳሳትሽ ይሏታል፤ የእሳቸውን ምልክት ከነፕላሱ ያገኙታል፤ መምህርቷ የእኔን አሠራር ስህተት አለችው ይላሉ። በመጨረሻ ከአጠገቡ ግማሽ ነጥብ ጻፍሁለትና ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍሁ። ወረቀቷን ስመልስላት ግማሹን ነጥብ አየችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ብሔራዊ ፈተናውን ለመፈተን ሁሉም በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስደው ሲመለሱ ከየአቅጣጫው ከበቡኝ። ስለ ጋዝ ሥራ ጥያቄ መጥቶ እንደነበርና አማራጮቹ ውስጥ ፕላሱም ማይነሱም እንደነበሩ ነገሩኝ። አንዳንዶቹ መለስን አሉ፤ አንዳንዶቹ ተከራከሩ። እሷ ዳር ቆማ ነበር። እንዴት ነበር ስላት ደህና ነው አለችኝ።

ውጤቱ በስልክ ሲለቀቅ ብዙዎቹ እንደ ወደቁ ሰማን፤ በዚህ ለመደንገጥ እንኳ አቅም አልነበረንም። እሷ ማለፊያው ቀርቶ ለሬሜዲያሉ፣ ለድጋሚ ዕድሉ ትምህርት፣ የሚያስገባውን ነጥብ በሁለት ሳተችው። በሁለት። ስልኬን አስቀምጬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት ነጥብ ከየትም ሊጎድል ይችላል፤ ከሒሳብም፣ ከእንግሊዝኛም፣ ብርድ ስለያዛትም። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርሁት። ራሴ አልሰማኝም።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ስጠርግ መጡ። ጋዋናቸውን አልለበሱም። ልጅቱ በየትኞቹ ጥያቄዎች እንደተቸገረች ጠይቀዋት፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ጋዞቹ እንደምትጠራጠር ነግራቸዋለች። ሊገባቸው አልቻለም። ከቤት ይኸን ምዕራፍ ደብተር እስኪያልቅ አብረው ሠርተውታል። ጠመኔውን ከእጄ ተቀበሉና ያንኑ ጥያቄ ጻፉት፤ አምስት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ፕላስ፣ ሲቀነስ። መስመሩ አሁንም አልተጣመመም።

«ይኸው ሦስት መቶ። ይኸን ነው ያስተማርኋት። ምኑ ላይ ነው የሳተችው?»

ከዚያ ወዲያ መሸሻ አልነበረኝም። መጽሐፌን ከፍቼ ገጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እኔ ጥጉ ላይ እንደ ተማሪ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ መጽሐፉን ሳይዘጉ፣ ያ የሰጠሽኝ መጽሐፍ ይኸ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። ወረቀት የከተትሽበት ገጽ ይኸ ነበር አሉኝ። አዎ አልሁ። ከእንግዶች አንዱ መጽሐፉን ሲያነሣው ወረቀቱ ወድቆ እንደነበርና እሳቸው መልሰው እንደከተቱት፣ የት እንደነበር ግን እንዳላዩ ነገሩኝ።

«አንች መቸ አወቅሽ?»

«በመጀመሪያው ቅዳሜ።»

«እና ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሽ።»

«ይከፋዎታል ብዬ ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁት። መልካቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ይከፋኝ ነበር እንጅ» አሉኝ። «ሦስት ቀን እቆጣሽ ነበር። ባራተኛው ቀን መጽሐፉን እከፍተው ነበር።»

ከዚያ ሰሌዳውን ራሳቸው ጠረጉት። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ጥግ ላይ የነበረውን የባዮሎጂ መምህሩን ሥዕልም፣ የተረኞቹን ስም ዝርዝርም፣ ሁሉንም። ስንት ዓመት ሆነው መጽሐፉ ከተለወጠ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በየዓመቱ በቅዳሜ ያስተማሯቸውን ልጆች እያስታወሱ እንደነበር አውቃለሁ። አይዞዎት፣ የቀየሩት እነሱ ናቸው፣ የእርስዎም ልክ ነው አልኋቸው። ጠመኔውን ጠርዙ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ማጠናከሪያ አላስተማሩም። ጉልበቴ ነው አሉ። ርዕሰ መምህሩ ቅዳሜውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ከወጣቶቹ ለአንዱ መስጠት ሲችል። ስድስተኛ ቀኔንም ወሰዱት። ሰው ለምን ቅዳሜን እንቢ አላልሽም ይለኛል። እንዴት ብዬ?

ልጅቱ ዳግመኛ በግሏ እንድትፈተን ለመንናት። ጋሼ ለመኗት፣ እኔም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኋት፤ ምልክቱን ባንድ ቀን አስተካክልልሻለሁ አልኋት። አሠሪው ዓመት አይጠብቅም፣ እናቴም ደክማለች፣ ብቻዋን አልተዋትም አለች። ፓስፖርቷ መጣ። ጋሼ መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ አላሉም፤ ከቤት ሆነው ባርከው ሰደዷት። የሸኘኋት እኔ ነኝ።

ጠዋት ነው። የጎንደሩ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ይሞቃል፤ ጭሱና ጉሙ ተደባልቆ ሰው ከሰው አይለይም። ሻንጣዋን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሰቀለላት። ከእጇ የቀረው አያቷ ያስያዟት የስንቅ ፌስታል ብቻ ነበር። ምን እንደምላት ስለጠፋኝ ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ አወራኋት። እሷ ግን ስታስበው የቆየችው ነገር ነበራት።

የአያቷ ምልክት ከመጽሐፉ የተለየ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ዐውቃው እንደነበር ነገረችኝ። ማታ ለእሳቸው በእሳቸው እየሠራች፣ ጠዋት ለእኔ በመጽሐፉ እየገለበጠች ዓመቱን ገፋችው። ሁለት ደብተር ነበራት። ፈተናው ቀን ሰዓቱ ሲሄድባት የማንን እንደምትሠራ ጠፋት። እኔ ክፍል ሰባት መቶ የጻፈች ዕለትም እንዲሁ ጠፍቷት ነው፤ ወረቀቱን ካስረከበች በኋላ ስህተቷን አውቃው ነበር። አውቃው ደግሞ ደስ ብሏት ነበር።

«ምነው ደስ አለሽ?» አልኋት።

«እኔ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ ቲቸር? ያሳደጉኝ ናቸው። አሁንስ ወረቀቱን ይዘው ሄደው እርስዎ ይነግሯቸዋል ብዬ ነዋ» አለች። «ዓመቱን ሙሉ እርስዎን ስጠብቅ ነበር።»

ወቀሳ አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ፣ አያትሽም አይደሉም አንችም አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ልላት ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። መስታወቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችልኝና ጠበቀችኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ረዳቱም በሩን እየዘጋ ነው።

«ስንቅሽን ከእግርሽ ሥር አድርጊው» አልኋት።

እሽ አለችኝ። አውቶቡሱ ወጣ።